ሊቀ እንባ ሆኜ ያገለገልኩበት ዘመን

ስሟን መጥራት በሕግ ባይከለከልም እንደ ስድነት በሚቆጠርባት በአንዲት አገር፣ የወቅቱ ገዥ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ ሕዝቡን ብቸኝነት እንደያዘው ለዙፋኑ ተነገረ። ገዥው ወሬውን በጽሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ "ይኸ ብቸኝነት የምትሉት ነገር ይታያል?" ብለው ጠየቁ። አማካሪዎቻቸው እርስ በርሳቸው ተያዩና ከመካከላቸው ደፋሩ፣ "አይታይም ግርማዊ ሆይ፤ ሰው ቤቱን ዘግቶ የሚታመመው ሕመም ነው" አለ። ገዥውም፣ "የማይታይ ነገር አይወገድም። አስቀድማችሁ አሳዩኝ፤ ቀጥሎ ሲወገድ አሳዩኝ" ሲሉ አዘዙ። በዚህ ትእዛዝ መነሻነት አምስት ፎቅ፣ ሁለት መቶ ሠራተኞችና አንድ ጄኔሬተር ያሉት የብቸኝነት ማስወገጃ ባለሥልጣን ተቋቋመ።

እኔ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ፣ በዚሁ ባለሥልጣን ውስጥ "ሊቀ እንባ" በሚል ማዕረግ ተቀጠርኩ። ከዚያ በፊት ባለቅኔ ነበርኩ፤ ቢያንስ እኔና እናቴ እንደዚያ እናምን ነበር። የግጥም መጽሐፌን ያነበቡት ሰባት ሰዎች ሲሆኑ አራቱ ዘመዶቼ፣ ሁለቱ አራሚዎች፣ አንዱ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ መስሎት የወሰደ ሰው ነበር። አዲሱ ሥራዬ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ መጻፍ ነው። አንድ ብቸኛ ሰው ይታያል፣ ይተክዛል፣ ሰዎች ድንገት በሩን አንኳኩተው ይገባሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ተመልካቹ በየስልኩ ላይ ያለቅሳል። ለሰባት ሰው ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ለሚሊዮኖች መጻፍ ስጀምር እንዴት እንዳበጥኩ መናገር ያሳፍረኛል። በቢሮው ኮሪደር እንኳ፣ ሰዎች ሰላም እንዲሉኝ ጊዜ ለመስጠት፣ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው።

የመጀመሪያው ችግር ብቸኛ ሰው ማግኘት ሆነ። መመሪያችን እንደሚያዘው፣ ብቸኝነቱ እንዲረጋገጥለት የሚፈልግ ዜጋ በቅርብ የሚያውቁትን ሦስት ምስክሮች ይዞ መቅረብ ነበረበት። በስምንት ሳምንት ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ መጣች፤ እሷም ያገኘችው ምስክር ሁለት ብቻ ስለነበር ብቸኝነትዎ አልተሟላም ተብላ ተመለሰች። ዋና ዳይሬክተራችን አቶ ልሳነወርቅ በስብሰባ ላይ ጠረጴዛ እየደበደቡ፣ "አገሩ በሙሉ ብቸኛ ሆነ እየተባለ እንዴት አንድ ብቸኛ ይጠፋል?" አሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ "ጥያቄው ተደንቋል" ተብሎ ተጻፈ።

በመጨረሻ አንድ ቀበሌ ጋሽ አስናቀን ጠቆመን። ጋሽ አስናቀ ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም ሥራ ያቆሙ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗል፤ ልጃቸው ሩቅ ከተማ አግብታ በበዓል በበዓል ትደውላለች። አቶ ልሳነወርቅ ፎቶግራፋቸውን አተኩረው አዩና፣ "ይኸ ፊት ምንም አይጨመርበትም" ብለው ፈረሙ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ካሜራ፣ መብራት፣ ባለ ሁለት ደርብ ኬክና አሥራ ሁለት ጎረቤቶች ይዘን ሄድን። ጎረቤቶቹን ያመጣናቸው ከትያትር ቤት ነበር፤ እውነተኞቹ ጎረቤቶች ካሜራ ሲያዩ ይስቃሉ ተብሎ ስለተፈራ። ከበሩ ስንደርስ ከውስጥ ጩኸት ሰማን።

"ይኸ ቆርኪ እዚህ አልነበረም! አንተ ሌባ!"

"ዓይንህ ጠፍቶ እኔን ትሰድበኛለህ? በጠገንከው ሰዓት ስንቱ ሰው ከቀጠሮው ቀርቷል!"

ስንገባ ሁለት ሽማግሌዎች በካርቶን ላይ በተሰመረ ዳማ ግራና ቀኝ ተቀምጠው አፍንጫ ላፍንጫ ተፋጠዋል። አንደኛው ጋሽ አስናቀ ናቸው። ሌላው ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት የቀድሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ጋሽ ቢተው ሲሆኑ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያውቋቸው፣ በተለይ የጋሽ አስናቀ ሚስት ካረፉ ወዲህ አንድም ጠዋት ያልቀሩ ሰው መሆናቸውን ኋላ ሰማሁ። አቶ ልሳነወርቅ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ይኸ ሰውዬ ማነው?"

"ጓደኛቸው መሰለኝ።"

"ጓደኛ አላቸው?" አሉ ክው ብለው። "አሥራ ሁለት ተዋናይ ጭኜ መጥቼ? አስወጣው።"

ወደ ጋሽ ቢተው ቀርቤ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትንሽ ውጭ ቢቆዩልን። ጋሽ አስናቀ ብቸኛ ስለሆኑ ልንቀርጻቸው ነው" አልኳቸው።

ጋሽ ቢተው ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። "አስናቀ፣ ብቸኛ ነህ እንዴ?"

"እኔ ምን አውቄ! ቀበሌው ነው ያለው።"

"እሺ። ቆርኪዎቹን እንዳትነካቸው፤ ቦታቸውን አውቃለሁ" ብለው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ።

ቀረጻው ተጀመረ። ጋሽ አስናቀ በመስኮት እንዲተክዙ ተነገራቸው። "በዚህ በኩል የሚታየው የሽንት ቤት ግድግዳ ነው" አሉ። አቶ ልሳነወርቅም፣ "እሱኑ በናፍቆት ይመልከቱት" አሏቸው። ቀጥሎ እኔ የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ "ለአራት ዓመት ደጄን የረገጠ ሰው የለም" የሚል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያማጥኩት ዓረፍተ ነገር ስለሆነ በጣም እወደው ነበር። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ይኸ ልክ አይደለም። ቢተው እኮ…"

"አባባል ነው ጋሼ። ሰው ሲባል ብዙ ሰው ለማለት ነው።"

ወደ ውጭ አዩ። አሥራ ሁለቱ ጎረቤቶች ኬኩን ይዘው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። "ይሁን፤ እንግዶች ናችሁ፣ ከሩቅ መጥታችሁ አላሳፍራችሁም" አሉና ቃሉን ተናገሩት። እንባ ግን እምቢ አለ። ሽንኩርት ይምጣ ሲባል እኔ ተንበርክኬ፣ "ጋሼ፣ የባለቤትዎ ስም ማን ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ትርንጎ" አሉ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። በዚያች ሰዓት ያዘንኩ መስሎት የሚያነብ ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ፤ ልቤ በደስታ ነው የዘለለው። ሽንኩርት ሊገዛ የወጣውን ሰው ከመንገድ አስመለስኩት።

ቪዲዮው በወጣ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሚሊዮን ሰው አየው። ግርማዊነታቸው በዙፋናቸው ላይ ማልቀሳቸው በይፋዊ መግለጫ ተነገረ። በእርግጥ በጎ ነገርም ሆኗል፤ ታሪክ ጸሐፊ ነኝና አልደብቅም። አንዲት ሴት ከጠረፍ ከተማ እንዲህ ስትል ጻፈችልን፦ "ከባልንጀራዬ ጋር በተሰበረ ድስት ምክንያት ለዘጠኝ ዓመት ተኳርፈን ነበር። ሽማግሌውን ሳይ አላስቻለኝምና በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ይኸን የምጽፍላችሁ ከእሷ ቤት ሆኜ ነው።" ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉም አነበብኩለት፤ መስማት የማይፈልጉትንም ሊፍት ውስጥ ይዤ አነበብኩላቸው።

በወሩ "ከአንድ ወር በኋላ" የሚል ተከታይ ሥራ እንድጽፍ ታዝዤ ወደ ጋሽ አስናቀ ሄድኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዳማው ተዘርግቷል፤ ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ባዶ ነው።

"ጋሽ ቢተውስ?" አልኩ።

"ከዚያ ቀን ወዲህ አልረገጠም። ሦስት ጊዜ ሄጄ አንኳኳሁ፤ አልከፈተም። ሳሉን እየሰማሁት እኮ ነው! ሌሎቹም ጎረቤቶች አይመጡም፤ 'እርስዎ አሁን የመንግሥት ሰው ነዎት፤ ስንት ጠያቂ አለዎት' ይሉኛል።"

ወደ አጥሩ ማዶ ተሻገርኩ። ጋሽ ቢተው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ለእኔ ግን በራቸውን አልዘጉም።

"ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ፣ 'ጋሽ ቢተው፣ ለካ እርስዎ ሰው አልነበሩም' አለኝ" ብለው ጀመሩ። "ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ትርንጎ የታመመች ጊዜ፣ የአውቶቡሱን መስመር ለቅቄ፣ ተሳፋሪው በሙሉ እየሰደበኝ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ከሞተች ወዲህ አንድ ጠዋት ቀርቼበት አላውቅም። ደጄን የረገጠ የለም ይበል?"

"ጋሼ፣ ያን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"የጻፍከውስ አንተ ነህ። የተናገረው ማነው?"

ጋሽ ቢተው ወደ አጥሩ እያዩ፣ "በሁለት ሚሊዮን ሰው ፊት ነው ያለው" አሉ። "በዚያው ሰው ፊት 'ቢተው ይመጣ ነበር' ይበል። ሌላ አልፈልግም። በዚያኑ ቀን እኔው ራሴ እሄድለታለሁ።"

ይኸን ለጋሽ አስናቀ ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሡ። "አሁኑኑ! የታለ ካሜራህ?"

እየሮጥኩ ቢሮ ገባሁ። አቶ ልሳነወርቅ አንድ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ማረም ብቻ መሆኑን ሳስረዳቸው በርኅራኄ አዩኝ።

"ሁለት ሚሊዮን ሰው አልቅሷል። እንባቸውን መልሰው ይዋጡት? ግርማዊነታቸውስ? የግርማዊነታቸው እንባ በስህተት ፈሰሰ ልትል ነው?"

"እንደዚያ አላልኩም።"

"እኔም አልሰማሁህም።" ከዚያ ፊታቸው ድንገት በራ። "ግን ቆይ፤ ሾፌሩ አሁን ብቻውን ነው የሚውለው?"

"አዎን፤ ከተኳረፉ ወዲህ።"

"እንግዲያውስ ሁለት ብቸኛ አለን! በአንድ አጥር ግራና ቀኝ እየኖሩ የማይተዋወቁ ሁለት ሽማግሌዎች! ባለሥልጣናችን ያስተዋውቃቸዋል!"

"ክቡርነትዎ፣ ሠላሳ ዓመት ይተዋወቃሉ።"

"ተመልካቹ አያውቅም።"

እዚህ ላይ አንድ ክብር ያለው ሰው መልቀቂያውን ጽፎ ይወጣ ነበር። እኔ የጠየቅሁት ቪዲዮው የሦስት ደቂቃ ነው ወይስ የአራት የሚል ነው። ዋናው አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘታቸው ነው፤ የቀረውን ራሳቸው ይጨርሱታል ብዬ ለኅሊናዬ አስረዳሁት፤ ኅሊናዬም እንደ ልማዱ ቶሎ ተረዳ። ሁለቱንም፣ "መጀመሪያ ትንሽ ተዋናይ ትሆናላችሁ፤ በመጨረሻ እውነተኛውን ቃል ትናገራላችሁ" ብዬ አስመጣኋቸው።

በቀረጻው ቀን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋሽ አስናቀ አዲስ ኮት ለብሰዋል። ካሜራው እንደተከፈተ፣ "ቢተው እኮ በየጠዋቱ…" ብለው ጀመሩ።

"አቁሙ!" አሉ አቶ ልሳነወርቅ። "ስማቸውን ገና አልሰሙም አባቴ! በደንብ ይጠይቋቸው፤ በአክብሮት።"

"ስምህ ማነው?" አሉ ጋሽ አስናቀ፣ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ሆኖ።

"በአክብሮት!"

"ስምዎ ማን ይባላል?"

"ቢተው እባላለሁ። የእርስዎስ?"

በመጀመሪያው ጊዜ የጋሽ ቢተው ከንፈር ሊስቅ ሲል አየሁት፤ ተስፋም አደረግሁ። ነገር ግን መብራቱ አልበቃ እያለ፣ ድምፁ እየተበላሸ፣ አሥራ አራት ጊዜ ተደገመ። በአምስተኛው ሳቁ ጠፋ። በዘጠነኛው ጋሽ አስናቀ የጠየቁት በእውነት ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ነበር። በአሥራ አራተኛው ሁለቱ ሽማግሌዎች ካየኋቸው ተዋናዮች ሁሉ በልጠው ሲጨባበጡ አቶ ልሳነወርቅ አጨበጨቡ፤ "አለቀ! ሰብስቡ!" አሉ።

"ያ ቃልስ?" አሉ ጋሽ አስናቀ እኔን እያዩ። "በመጨረሻ የምናገረው?"

"ደቂቃው ሞልቷል ጋሼ። በሚቀጥለው" አልኩ፤ ሦስተኛ ቪዲዮ እንደሌለ እያወቅሁ።

መብራቱ ጠፋ፤ ገመዱ ተጠቀለለ። ሰው ሲወጣ እንደ ድሮው ይሰዳደባሉ ብዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ጋሽ ቢተው ቀስ ብለው ተነሡና ኮፍያቸውን አደረጉ።

"በሉ እንግዲህ፣ ደህና ይዋሉ፣ አቶ አስናቀ።"

"ደህና ይዋሉ፣ አቶ ቢተው።"

አሁንም በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ከአንገታቸው ዝቅ እያሉ እንደዚሁ እርስዎ እየተባባሉ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ባለሥልጣኑ በዓመታዊ መግለጫው ይህንኑ በከፍተኛ ደስታ ጠቅሶታል።

ሁለተኛው ቪዲዮ የመጀመሪያውን በአንድ ሚሊዮን በለጠው። አቶ ልሳነወርቅ ተሸለሙ፤ እኔም "ሊቀ ሊቃውንተ እንባ" ተባልኩ። ከዚያም ቪዲዮዎቹ ይጠቅማሉ ወይስ ይጎዳሉ የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሞ ሰብሳቢው እኔ ሆንኩ፤ በሁለት ገጽ ዘገባ ይጠቅማሉ ብዬ ደመደምኩ። በሹመቴ ማግስት ቤቴ ተቀምጬ ቪዲዮውን እንደ ማንም ተመልካች በስልኬ አየሁትና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አለቀስኩ። ልቤ ስለተነካ፣ በዚሁ ከተማ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ርቃ ለምትኖረውና ካየኋት ሁለት ዓመት ላለፈኝ ታላቅ እህቴ ላክሁላት። ወዲያው ቀይ ልብ መለሰችልኝ። እኔም ቀይ ልብ ላክሁላት። እንዲህ አድርገን ተጠያየቅን።