ስለ ቀጭኔ አንገት የተጠራው ስብሰባ

ተረት ተረት ብዬ እናንተ እስክትመልሱልኝ አልጠብቅም፤ ይህ ታሪክ ራሱ በመጠበቅ የተበላሸ ነው።

ድሮ ድሮ በአንድ የግራር ጫካ ድርቅ ገባ። ሣሩ አለቀ፣ ቁጥቋጦው አለቀ። የቀረው ግራሩ አናት ላይ ያለው ቅጠል ብቻ ነበር፤ እሱንም ቀጭኔ ብቻዋን ትበላዋለች። ሌሎቹ ከሥር ሆነው ምራቃቸውን ይውጣሉ። ስታኝክ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ከረሃቡ ይብስ ነበር።

ስለዚህ ስብሰባ ተጠራ። አያ ከርከሮ አንገት የሚባል ነገር ስለሌለው ገለልተኛ ነው ተባለና ሰብሳቢ ሆነ። ቃለ ጉባኤ ያዧ እመት ጦጢት ነበረች።

"አጀንዳችን አንድ ነው" አለ ከርከሮ። "የቀጭኔ አንገት ለምን ረዘመ? በቂ ምክንያት ካልተገኘ እስከ ክረምት አጎንብሳ ትሄዳለች።"

ቀጭኔ ደነገጠች። ካጎነበሰች በረሃብ መሞቷ ነው።

"እኔ ላስረዳ?" አለች።

"ባለጉዳይ የሚናገረው መጨረሻ ላይ፣ በልዩ ልዩ ነው። ደንብ ነው።"

ጦጢት ቀደመች። "የሰው ጓዳ ስታይ ነው የረዘመው! እኔ ዛፍ ላይ ልጄን ሳጠባ እንኳ ታፈጥብኛለች።"

"ኧረ ለባል ብላ ነው!" አለች ሚዳቋ፣ የራሷን አንገት እየሰበቀች።

አባ ኤሊ ተነሡ። ለመነሣት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። "ቅድመ አያቴ ዳይኖሰሮችን ያውቁ ነበር። የእነሱም አንገት ከዚህ እስከ ወንዙ ይደርስ ነበር አሉ። ስንፍና ነው ልጆቼ። እግራቸውን ላለማንሣት አንገታቸውን ይልኩ ነበር።"

ሁሉም አጨበጨቡ።

በዚህ መሀል ቀጭኔ ከኮረብታው ማዶ አንበሳ ሲመጣ አየች።

"ሰብሳቢ! አስቸኳይ ነው!"

"በልዩ ልዩ አልኩሽ እኮ!"

አንበሳው ኮረብታውን ወረደ። ደረቁን ወንዝ ተሻገረ።

"ኧረ በፈጠራችሁ፣ አንበ..."

"ሥነ ሥርዓት! ጦጢት፣ ማስጠንቀቂያ ብለሽ መዝግቢያት!" ከርከሮ ጉሮሮውን ጠረገና ውሳኔውን ማንበብ ጀመረ። "የአንገቱ ጥቅም ምን እንደሆነ ሊታወቅ ስላልቻለ..."

አንበሳው መሀላቸው ዘሎ ገባ። ቀጭኔ በረረች፤ ጦጢት ቃለ ጉባኤውን ጥላ ዛፍ ላይ ወጣች፤ አባ ኤሊ ድንጋይ ነኝ አሉ። ከርከሮ ግን ጭራው አንበሳው አፍ ውስጥ ቀረ። ቃለ ጉባኤውም በግርግሩ ተረግጦ ስለተቀደደ ውሳኔው ሳይጸድቅ ቀረ፤ የቀጭኔ አንገትም በዚሁ ተረፈ።

በማግስቱ ከርከሮ ቁስሉን እየላሰ ግራሩ ሥር መጣ።

"አንቺ ክፉ! ከላይ ሆነሽ እያየሽ እንዴት ዝም ትያለሽ?"

ቀጭኔ ቅጠሏን አኝካ፣ ዋጠችና፣ ያን ረጅም አንገቷን እስከ ጆሮው ድረስ ዝቅ አደረገች።

"አያ ከርከሮ፣ ልዩ ልዩ መች ደረሰ?"

ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም። ተራዋን እየጠበቀች ነው።