ለቅሶ የተቀመጠው አውሬ

ትናንት ሕልም አየሁ፤ ያውም በቀን። ፍቱልኝ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ።

ነገሩ የመጣው ከልጄ ከረድኤት ጌም ነው። በሁለት እጅ የምትያዝ፣ የጸሎት መጽሐፍ የምታህል ነገር ናት። ውስጧ ዋሻ አለ። ሰይፍ ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ ያገኘሽውን ሁሉ ትገድያለሽ፣ ሣጥን ትከፍቻለሽ፣ ወደ ታች ትወርጃለሽ። ከዋሻው መጨረሻ ባለ ሦስት ራስ አውሬ ይጠብቅሻል። ረድኤት ሥራ አግኝታ ጅማ ልትሄድ ስትል ጌሟን ትተሽልኝ ሂጂ አልኳት። ሳቀች።

«አውሬውን ከገደልሽ ያንቺ ናት። ግን እማ፣ አትችዪውም። ጽሑፉን እንኳ አታነቢውም።»

ለመግደል ደግሞ ምን ማንበብ ያስፈልጋል? እልህ ያዘኝ። ወጥ እያረረብኝ፣ በር ቢንኳኳ እንዳልሰማሁ እየሆንኩ ስገድል ሰነበትኩ። ትናንት የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ምሳ ሳልበላ ሶፋው ላይ ሆኜ ከአውሬው ጋር ስተናነቅ፣ ለካ ሸለብ አድርጎኛል።

በሕልሜ ዋሻው ውስጥ ነኝ። ሰይፉን የያዝኩት እኔ ሳልሆን፣ እሱ ነው እኔን የያዘኝ። በጸጉሬ አንጠልጥሎ ያወዛውዘኛል። ጥቂት እንደሄድን አንድ ሣጥን በአራት እግሩ እየተንደረደረ መጣና የቀሚሴን ኪስ ከፈተው። ቢፈትሽ ቢፈትሽ አንድ ራስ ሽንኩርት አገኘ። ይሄ ብቻ ነው ወይ አለኝ፣ ቅር ብሎት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ ጣሪያው ወለል ሆነና፣ ወደ ታች ስወርድ ላይ ደረስኩ።

እዚያ አጥንቱ ብቻ የቀረ ሰውዬ ጥሩምባ ይነፋል። የዋሻው እድር ጥሩምባ ነው፤ ለቅሶ ውጡ ይላል። የሞተው ማን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ እኔው የገደልኳቸው ናቸው። የእድራችሁ አባል አይደለሁም አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ እዚህ የከረመ ሁሉ ጎረቤት ነው፣ ጎረቤት ደግሞ ገደለም አልገደለም ከለቅሶ አይቀርም አለኝ። አፈርኩ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ።

ድንኳኑን የሚተክሉት ሟቾቹ ራሳቸው ነበሩ። ቋሚዎቹ ለቅሶ ላይ ስለሆኑ የሰው እጅ አጥሯል። አንገቱን የቀላሁት አንዱ፣ ጭንቅላቱን በብብቱ ይዞ ንፍሮ ያድላል። አንቺ ያቺ አይደለሽም ወይ አለኝ። ነኝ አልኩት። ታዲያ ብዪ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሻል ብሎ ጨመረልኝ። ከኋላዬ ሁለት የሌሊት ወፎች ያሙኛል። ሳታንኳኳ ሰው ቤት ትገባለች፣ ማሰሮ ትሰብራለች፣ ሣጥን ትበረብራለች፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳትል ትወጣለች ይላሉ። ንፍሮዬን ቆረጠምኩ።

አውሬው መሐል ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት ተቀምጧል። ሦስቱም አንገቶቹ ተደፍተዋል። አንዱ ራስ ሙሾ ያወርዳል፣ አንዱ ይቀበላል፣ ሦስተኛው ንፍጡን ይጠርጋል። ሰይፉ ጸጉሬን ሳብ አደረገኝ። አሁን ነው፣ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ዳግመኛ አታገኚውም አለኝ። ልክ ነው። ረድኤት ሻንጣዋን ዘግታለች። አንድ ጊዜ ብሰነዝር ጌሟ የእኔ ናት።

አውሬው ቀና አለ።

«እትዬ ዘውድነሽ፣ አንቺም መጣሽልኝ? አየሽ፣ ብቻዬን ቀረሁ እኮ።»

ያን ሁሉ ቀን ስንዋጋ አንድም ጊዜ ዓይኑን አይቼው አላውቅም። ለቅሶ የተቀመጠ አንገት አይቆረጥም። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። ከሰይፉ እጅ ታግዬ ወጣሁና አንስቼ ከድንኳኑ ውጪ ወረወርኩት፤ እየተሳደበ ሄደ።

«እግዜር ያጽናህ» አልኩት አውሬውን። «አርባው እስኪወጣ አልነካህም። ከዚያ በኋላ ግን እንተያያለን።»

«አርባው ሲወጣ ነዪ፤ የትም አልሄድም» አሉ ሦስቱም ራሶች።

ተሰነባበትን። አንዱን ራስ ስሜ ስጨርስ ሌላው ጉንጩን ይሰጠኛል፣ ያኛውን ስጨርስ የመጀመሪያው እኔን አልሳምሽኝም ይላል። ጉንጬ እስኪቃጠል ተሳሳምን። ስንሳሳም ነቃሁ።

ጉንጬ ጌሟ ላይ ተጣብቋል፤ ቁልፎቹን ጭፍልቅ አድርጎ። ረድኤት ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች ከላዬ ቆማለች። ቀና ብዬ ጌሟን አየኋት። አውሬው ሦስቱንም አንገቱን ዘርግቶ ተጋድሟል፣ በሬሳው ላይ ወርቅ ይዘንብበታል።

«እማ፣ ገደልሽው እኮ» አለች፣ አፏን እንደከፈተች። «በቃ፣ ያንቺ ናት።»

ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ።

«እኔ አይደለሁም» አልኳት። «ጉንጬ ነው።»