አርባ ጥንድ ክንድ ለዘጠኝ ጎማ

የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዕቃ ሲሰበርበት የሚጥልና ዕቃ ሲሰበርበት መርካቶ የሚሄድ። እርማት ይፈቀድልኝ፤ ሦስት ዓይነት ነው። ሦስተኛው የራሱ ዕቃ ሳይሰበር፣ የሌላ ሰው ዕቃ ሲሰበር ሰምቶ፣ «እኔ ለመርካቶ ቅርብ ነኝ፤ ለእኔ ተዉት» የሚል ሞኝ ነው። ይህን ሦስተኛ ወገን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ፊቱን የምላጨው እኔ ነኝ።

የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርኩ ማለት እወዳለሁ፤ በትክክሉ ግን ሠላሳ ሦስት ነው፤ አንዱን ዓመት ወገቤን ታምሜ ስለተኛሁ ደመወዙን እንጂ ጠመኔውን አልነካሁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ተክለ ሃይማኖት ካለው ቤቴ እየተነሣሁ መርካቶን መዞር የዘወትር ተግባሬ ሆኗል። የእግር ጉዞውን ያዘዘልኝ ሐኪም ነው። ገንዘብ ይዘህ ሂድ ግን አላለኝም፤ ሐኪሙን በከንቱ አልወቅስም።

የእኅቴ ልጅ ሜሮን የሰርከስ ባለሙያ ናት። ይህን ለሰው ስናገር «መልካም፤ ሥራዋስ ምንድን ነው?» እባላለሁ። ሥራዋ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ ተቀምጣ አራት ኳስ ወደ ሰማይ እየወረወረች መቅለብ ነው። መሪ የለውም፤ ካቴና የለውም፤ ፍሬን የለውም፤ ያለው ጎማ፣ መቀመጫ፣ ሁለት ፔዳልና የእግዚአብሔር ጥበቃ ነው። አንድ ቀን «ልጄ፣ በአንድ ጎማ መሄድ አይከብድም?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ጋሼ፣ በጡረታ ከመኖር አይከብድም» አለችኝ። ለእንዲህ ያለ መልስ ሙሉ ነጥብ ከመስጠት በቀር ምን ይደረጋል?

እንግዲህ የዚህች ልጅ ብስክሌት፣ ትርኢቷ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው፣ ፔዳሉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ብረት ተሰበረ። ክንድ ብለን እንጥራው። እኔም ከላይ የተናገርኩትን የሞኝ ቃል ተናገርኩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የብስክሌት መለዋወጫ የሚሸጥባቸውን ሱቆች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንድ በአንድ ማለቴ ትክክል አይደለም፤ የጠየቅሁትን ስለምረሳ አንዳንዱን ሱቅ በቀን ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሜሮንም በፊናዋ ጠየቀች፤ ጓደኞቿም ጠየቁ። መልሱ ግን አንድ ነበር። አንዱ ሻጭ «አባባ፣ ሁለተኛውን ጎማ ማን ወሰደብዎት?» አለኝ። ሌላው «ግማሽ ብስክሌት አንሸጥም» ብሎ ሳቀብኝ። ሦስተኛው ደግሞ ከልቡ አዝኖ «ለእርስዎ ነው? በዚህ ዕድሜ ባይሞክሩት» አለኝ። የተራ ብስክሌት ክንድ አይሆንም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይሆንም፤ ረጅም ስለሆነ፣ ጎማው ትንሽ በመሆኑ፣ ዘወር ሲሉ ፔዳሉ መሬት ይነካል። አስቆርጠን አስበየድነው፤ በሦስተኛው ቀን ከብየዳው ላይ ተሰብሮ ልጅቷን በጉልበቷ ጣላት።

የቀረኝ የመርካቶ ብረት ሠሪዎች ሠፈር፣ ምናለሽ ተራ ነበር። ምናለሽ ተራ የማይሠራ ነገር የለም። እርማት፤ የማይሠራ ነገርማ ሞልቷል፤ ሰዎቹ ሊሠሩት የማይችሉት ነገር የለም ለማለት ነው። እዚያ አቶ ከድር የሚባሉ፣ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ያላቸው ሰው አሉ። ስባሪውን ተቀብለው ለኩት፤ አሸተቱት ልል ምንም አልቀረኝም፤ ከዚያም ለአንድ ጥንድ የጠየቁኝን ዋጋ ስሰማ በአቅራቢያዬ ያለውን ነገር ተደገፍኩ። የተደገፍኩት ማሽን መሆኑን የነገሩኝ በኋላ ነው።

አቶ ከድር ግን ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣» አሉኝ፣ «እኔን የሚያደክመኝ የመጀመሪያው ነው። የክንዱን አራት ማዕዘን ቀዳዳ የሚያወጣልኝን መሣሪያ ራሱን መጀመሪያ ልሥራው፤ ማሽኑን ላስተካክለው፤ አንድ ሁለት ብረት ላበላሽ። ከዚያ በኋላ ያለው መቁረጥና መብሳት ብቻ ነው። አንድ ጥንድ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል፤ አርባ ጥንድ ግን ሳምንት አይሞላም። አርባ ካሠሩ የአንዱ ዋጋ የሻይ ዋጋ ይሆንልዎታል።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን የምነግራችሁ ሰው የሒሳብ መምህር መሆኑን አትርሱ። አቶ ከድር ይህን ሲናገሩ እኔ የታየኝ ሰሌዳ ላይ ስስለው የኖርኩት መስመር ነበር፤ የማይቀየረው ወጪ ለብዙ ቁጥር ሲካፈል ቁልቁል ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወለሉን ሊነካ ምንም ሲቀረው። እንዴት ያለ ውብ መስመር ነው! በሠላሳ ሦስት ዓመት አንድም ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ያን ሁሉ ቁጥር ማን ይገዛዋል?» ብሎ አልጠየቀኝም። አንድ ሰነፍ ተማሪ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ እተርፍ ነበር።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከጣሪያው መጣ። የቤታችን ቆርቆሮ አርጅቶ ባለፈው ክረምት ሦስት ቦታ ባልዲ ደቅነን ነበር፤ ይቅርታ፣ አራት ቦታ፤ አራተኛው ድስት ስለነበረ ነው ያልቆጠርኩት። ባለቤቴ አስካለ ከአስቤዛው እየቆነጠረች ያጠራቀመችውን «ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮ ግዛበት» ብላ በአደራ ሰጥታኝ ነበር። እኔም ገንዘቡን በአንድ ሳምንት አባዝቼ ቆርቆሮውን በወፍራሙ እገዛለሁ ብዬ ለአቶ ከድር ሰጠሁ። ለአስካለ ያልነገርኳት ልደብቃት ብዬ አይደለም። እርማት፤ ልደብቃት ብዬ ነው።

አርባው ጥንድ ተሠርቶ ሲመጣ ዓይን የሚማርክ ነበር። ሜሮን የራሷን ገጥማ እንደ ዝንጀሮ ግልገል ስትፈነጥዝ ካየሁ በኋላ፣ ቀሪውን ለማን ለማን እንደምንሸጥ ብጠይቃት፣ «ስንት አሠሩ?» አለችኝ። ነገርኳት። መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ በዚህ ከተማ እኔ የማውቃቸው ባለ አንድ ጎማዎች ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ ስድስቱ ክንዳቸው ደህና ነው።»

ገበያዬ ሦስት ሰው ነበር። አንደኛዋ ሜሮን ናት፤ ከእሷ ገንዘብ አልቀበልም። ሁለቱ ጓደኞቿ ናቸው፤ «ሲኖረን እንከፍላለን» ብለው በክብር ተቀበሉኝ። ሠላሳ ሰባት ጥንድ በጆንያ ታስሮ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ኋላ ተቀመጠ። ግንቦት ተጋመሰ። ደመና በመጣ ቁጥር ባልዲዎቹን እቆጥራለሁ። አስካለ «ቆርቆሮውስ?» ስትለኝ «ሚስማር እየመረጥኩ ነው» እላታለሁ። «ቆርቆሮ ሳይገዛ ሚስማር?» ብላ ስታየኝ መነጽሬን መጥረግ እጀምራለሁ።

በመጨረሻ አንድ ጥንድ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ አንዋር መስጊድ አቅጣጫ ወዳሉት የብስክሌት መለዋወጫ አከፋፋይ፣ ወደ ሐጂ ኑረዲን ሄድኩ። ዓላማዬ «እባክዎ ጥግ ላይ ያስቀምጡልኝ፤ ከተሸጠ ይከፍሉኛል» ብዬ መለመን ነበር። ጋዜጣውን ገና ስገልጠው ሐጂ ዕቃውን በእጃቸው ሸፈኑት። ግራ ቀኝ አዩ፤ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና ካርቶን ላይ አስቀመጡኝ።

«ይሄ የባለ አንድ ጎማው አይደለም? ከየት አገኙት?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ወላሂ፣ ገበያው በዚህ ዕቃ ተቃጥሏል! ሱቅ የሚውሉት ሠራተኞቼ ናቸው የሚነግሩኝ፤ አንዲት ወጣት ትጠይቃለች፤ ጎረምሶች ይጠይቃሉ፤ አንድ ሽማግሌማ በቀን ሁለቴ ይመጣሉ አሉ። ዋጋ እንኳን አይጠይቁም! አለ ወይስ የለም ብቻ! ይሄ የጨነቀው ገዢ ነው።»

ከዚያም ዋጋ ጠሩልኝ። ቆርቆሮው፣ ሚስማሩ፣ የሠራተኛው ዋጋ ሁሉ በአንድ ጊዜ በዓይኔ ላይ ዞረ። እሺ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። ሰው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆችን አትኮርጁ ሲል ኖሮ በስተርጅና እንዴት ይኮርጃል? «ሐጂ፣» አልኳቸው፣ «አስተማሪ ነበርኩ፤ ውሸት አልችልም። ሽማግሌው እኔ ነኝ። ወጣቷ የእኅቴ ልጅ ናት። ጎረምሶቹ ጓደኞቿ ናቸው። ገበያው እኛው ነን።»

ሐጂ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። «አስተማሪ ነበርኩ አሉኝ? እርስዎማ ለእኛም ይተርፋሉ። በሉ ይንገሩኝ፣ ያኛው ገዢ ስንት ብሎዎት ነው?» ሌላ ሰው የለም ብል ዋጋውን ከፍ አደረጉ። ተክልዬን እያልኩ ብምል «ተክልዬን የሚያስጠራ ገዢማ ቀላል አይደለም» ብለው ደግመው ከፍ አደረጉ። በከተማው ያሉት ዘጠኝ ብቻ ናቸው ስላቸው «ዘጠኝ የሚታወቁት! የማይታወቁትስ?» አሉኝ።

«እውነቴን ነው፤ ያጣሩ» ብዬ ተነሣሁ። ሦስት ቀን እንድታገሣቸው ጠየቁኝ። ያጣራሉ፤ እውነቱን ይደርሱበታል፤ እኔም ከነጆንያዬ እቀራለሁ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ራሳቸው ደወሉ። «አጣርቻለሁ፤ በመላው መርካቶ የትም የለም። ያምጡት!» እንዴትስ ሊኖር ይችላል? የዕቃውን አለመኖር የፈላጊው ብዛት ምስክር አድርገው ሠላሳ ሰባቱንም ጥንድ ጠቅልለው ገዙ።

በሳምንቱ ጣሪያችን ተመታ። ሚስማሩ እየተመታ ሳለ ለአስካለ ሁሉንም ነገር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ «ሰው ሲያብድ እንኳን በሁለት ጎማ አያብድም?» አለችኝና ለሠራተኞቹ ምሳ ልታቀርብ ሄደች። በማግሥቱ ዝናቡ ወረደ። ባልዲውን ከልማድ የተነሣ ደቅኜ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ አንድ ጠብታ ሳይገባበት አባራ። እንደዚያ ያለ ባዶ ባልዲ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ሆኖም ኅሊናዬ አሁንም ያፈስ ነበር። ሐጂ ያን ሁሉ ብረት ታቅፈው ተቀምጠው ይታዩኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሱቃቸው በኩል አላለፍኩም፤ ሐኪሙ ያዘዘልኝን ጉዞ በምናለሽ ተራ በኩል አዞርኩት። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ስልኬ ሲጮኽ ስማቸውን አየሁ። መጣ የፈራሁት፤ ገንዘቤን መልስ ሊሉኝ ነው ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ፤ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ።

«ጋሼ፣ ሌላ ጆንያ የለዎትም?» አሉኝ። ሁሉንም አንድ ሌላ አከፋፋይ ወስዶላቸዋል፤ ያውም በትርፍ። ግን መምህር ነኝና መጠየቅ አልተውም፤ ሰውየው ለማን ሊሸጠው ነው ብዬ ጠየቅሁ። «ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ሰምቶ ነው» አሉኝ። ማን ነው የጠየቀው ብላቸው ሳቃቸው ስልኩን ሞላው። «እኔ ነኛ! በእነዚያ ሦስት ቀናት ዕቃው ሌላ ጋ እንዳለ ላጣራ ብዬ ስድስት ሰው በየሱቁ ልኬ አስጠይቄያለሁ። የጠየቅሁት እኔ ነኝ ብዬ ለሰውየው ነገርኩት፤ አሻፈረኝ አለ፤ ዋጋ ጨመረልኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን አታላይ እያልኩ ስወቅስ ከርሜያለሁ። የመጨረሻ እርማት ይፈቀድልኝ፤ ጀማሪ ነበርኩ።