ፊታቸውን የማያሳዩት ቀማሽ

ፈጣሪ አንድ ሻይ ቤት ሲከፈት ባየ ቁጥር አንድ «ድሮ ቀረ» ባይ አብሮ ይመድብለታል። ስኳር ሊጠፋ ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ያ ሰው ግን አይጠፋም። አማን ከተማ ላይ ለከድር ሻይ ቤት የተመደቡት ክቡር ጋሼ ወልደጻድቅ ናቸው።

«የጓሮ በር» የሚባለው የቴሌቪዥን ቀልድ ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መታየት ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ጋሼ ወልደጻድቅ ደግሞ «የጓሮ በር ድሮ ቀረ» ማለት ከጀመሩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆናቸው ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት ምን ይሉ እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ከድር እንደሚጠረጥረው ያኔም ከዚያ በፊት የነበረውን ይናፍቁ ነበር።

ዝግጅቱ ሊጀምር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይመጣሉ። ቦታቸው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ አንድ እግሯ አጠር ያለችው ጠረጴዛ ጋ ነው፤ ሌላ ሰው ተቀምጦባት ካገኙ እስኪነሳ ድረስ ቆመው ያዩታል። ከዚያ ሻይ ያዛሉ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይመረምሩና «አጎደልክብኝ» ይላሉ። ከድር «ይጨመራል ጋሼ» ይላል፤ አይጨምርም። ይህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተጓደለ ሥርዓት ነው።

ጋሼ ወልደጻድቅ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ቴፒ አካባቢ ሠላሳ ዓመት ቡና ቀማሽ ነበሩ። በማንኪያ ሳብ አድርገው፣ በአፋቸው አዟዙረው፣ ተፍ ብለው ደረጃውን ይጽፉ ነበር። የቀማሽ ትልቁ ሕግ ደግሞ ፊት አለማሳየት ነው። አንዱ ፊቱን ቢያጨማድድ ወይም ፈገግ ቢል የጎኑ ሰው ምላስ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ ፊት እንደ ግድግዳ ይሆናል። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ማንኪያውን መለሱ፣ ፊቱን ግን ይዘውት ወጡ። ሰርግ ላይ ያው ፊት ነው፣ ለቅሶ ላይም ያው ነው። የከድር ባለቤት ዙሌይካ ሰውየው ሲወለዱም አላለቀሱም ትላለች።

እናም ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ እሳቸው በዚያ ፊት ፍርድ ይሰጣሉ። አንዱ ቀልድ «ሳይቀላ የተለቀመ» ነው። ሌላው «መጋዘን የከረመ» ነው። የዘበኛው ጨዋታ፣ ያ ከአከራይቱ ተደብቆ ዘመዶቹን በጓሮ በር የሚያስገባው ዘበኛ፣ «ጭስ ጭስ ይላል»። አንድ ቅዳሜ መሐል ላይ መብራት ሲጠፋ «መብራቱ እንኳ አፈረለት» አሉ፤ ከዚያ እንደገና እስኪመጣ አንድ ሰዓት ሙሉ በጨለማ ተቀምጠው ጠበቁ። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ማጂ ሄደው ሳለ ቅዳሜ ማታ ለከድር ደወሉለት። ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ ዙሌይካ ጤና ጠየቁ፣ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘበኛው ተባረረ ወይስ አልተባረረም አሉ።

ከድር ግን ማንም የማያየውን ያያል። ሻይ ከሚቀዳበት ቦታ ሲታዩ የጋሼ ፊት አይነቃነቅም፤ ሆዳቸው ግን የቀማሽን ሕግ አልተማረም። ዘበኛው ብቅ ባለ ቁጥር ሆዳቸው ይርገፈገፋል፣ የተደገፏት ጠረጴዛ ትንቀጠቀጣለች፣ ብርጭቆው በማስቀመጫው ላይ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ከድር ቀልዱን ትቶ ያንን ብርጭቆ የሚያይባቸው ቅዳሜዎች አሉ። ይህን ሰው ይወዳቸዋል፤ ለማንም ተናግሮ ግን አያውቅም።

ታዲያ ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ነገር መጣ። የባጃጅ ሹፌሩ ቲቶ የአውሮፓ ኳስ በዚያው ሰዓት ስለሆነ ቅዳሜ ለኳስ ይሰጥ አለ። ከድር የለመዱ ደንበኞች አሉ ብሎ ሲያንገራግር ቲቶ ወደ ጋሼ ጠረጴዛ በአገጩ ጠቆመ።

«ጋሼ ወልደጻድቅ እንኳ አያስቅም ካሉ እኛ ለማን ብለን ነው የምናየው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቤቱ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ዝግጅቱ ከተነሳ ጋሼ ቅዳሜ የሚመጡበት ምክንያት እንደማይኖራቸው ከድር አወቀ፤ ኳስ አይወዱም፣ ቤታቸው ደግሞ ቴሌቪዥን የለም። ቢሆንም የአሥራ ሰባት ዓመት ቃል እንዴት ይታጠፋል?

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቡና በጩኸት አይፈረድበትም አሉ። የዛሬው ዝግጅት ይታይ፣ ከዚያ ሁሉም «ይቆይ» ወይም «ይጣል» ብሎ በወረቀት ይጻፍ፤ ስም አይጻፍም፣ ፊት አይታይም፣ ከድር ብቻውን ቆጥሮ ወረቀቱን ያቃጥለዋል። ቲቶም ተስማማ፤ የጋሼ ድምፅ ከእሱ ጋር መሆኑን አልተጠራጠረም።

በዚያ ቀን አሥራ ሰባት ሰው ነበር። ዝግጅቱ አለቀ፣ ተጻፈ፣ ተሰበሰበ። ከድር ወደ ጓዳ ገብቶ ቆጠረ። ስምንት ይጣል፣ ስምንት ይቆይ። የመጨረሻዋን ወረቀት ገለጠ። በቀጥ ያለ የቢሮ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ጉድለት አለበት። አይጣልም። ደረጃ ሁለት።»

ከሥሩ ቀኑ ተጽፏል። ከቀኑ ቀጥሎ፣ ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ አይሰማምና፣ ሙሉ ስማቸውና ፊርማቸው አለ።

ከድር ዙሌይካ እንኳ ሳታይ ያቺን ወረቀት ከሁሉ አስቀድሞ ከሰሉ ላይ ጣላት፤ ሌሎቹንም አስከተለ። ሲወጣ ጋሼ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ግድግዳውን ይመለከታሉ።

ከድር «ዘጠኝ ለስምንት፣ ይቆያል» አለ።

ቲቶ ወረቀቱን ልይ ብሎ ተነሳ፤ ተቃጥሏል ተባለ። ጋሼ ወልደጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። የዚህ ከተማ ምላስ መሞቱን ከተናገሩ በኋላ ለቲቶ አይዞህ አሉት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከወትሮው ቀደም ብለው መጡ። ዛሬ ደግሞ ምን ያህል እንደ ወረደ እንይ አሉና ተቀመጡ። ከድር ሻዩን አመጣ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አደረጉት።

«ከድር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታጎድልብኛለህ። ምን በድዬህ ነው?»

ከድር ጠረጴዛዋን በጨርቅ ጠረገ።

«የእርስዎ ጠረጴዛ አንድ እግሯ አጭር ነው፣ ጋሼ። ዘበኛው ሲመጣ ብርጭቆው ሞልቶ ከሆነ ይፈሳል።»

ጋሼ ከድርን አዩት፤ ጠረጴዛዋን አዩ፤ እንደገና ከድርን አዩት። ፊታቸው ላይ አንዲት መሥመር አልተነቃነቀችም።

«እንግዲያው እንዳታስጠግናት» አሉና ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።