ሲስተርና የብርድ ወራት እንግዶቻቸው

ሐይቅ ያለው ከተማ ሁሉ አንድ ሲስተር አያጣም። ብርዱ ጠንክሮ ሰው አንገቱን ኮቱ ውስጥ ሲቀብር፣ እሳቸው የሩቅ ማሳያ መነጽራቸውን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ገና በማለዳው ሐይቁ ዳር ከች ይላሉ። ወፍ ያያሉ። ወፍ ማየት ብቻ ቢሆን ማን ይቀየማቸው ነበር? ችግሩ፣ እሳቸው ወፍ በሚያዩበት ሰዓት ሌላው ፍጡር ሁሉ ትንፋሹን እንዲውጥ መፈለጋቸው ነው።

የእኛዎቹ ሲስተር ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ሥልጣናቸው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም። በሩጫ የሚያልፈውን ጎረምሳ "ቀስ! እንግዶቼን ታስደነግጥብኛለህ" ብለው ያቆሙታል። እንግዶቼ የሚሉት ከሩቅ አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡትን ዳክዬዎች ነው። አንዲት ሴትዮ ከውሻዋ ጋር ስትንሸራሸር ጠጋ ብለው፣ "ውሻሽን ያመዋል እንዴ?" አሏት።

"ኧረ ደህና ነው!"

"ታዲያ ምን ያስጮኸዋል?"

አንድ ቀንማ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቃቀፉ ፍቅረኞች አጋጠሟቸው። ክብርት ሲስተር ቢያስቡ ቢያስቡ ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኙም፦ "ልጆች፣ መተቃቀፉን ተቃቀፉ፤ ብቻ እንዳትንቀሳቀሱ።"

የዚህ ሁሉ ምስክር የታናሽ እህታቸው ባል ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱን ይዘጋል። ሰኞ ለሌላው ፀጉር አስተካካይ የእንቅልፍ ቀን ነው። ለእሱ ግን ገና ጎህ ሲቀድ የመኖሪያ ቤቱ በር በሲስተር ዣንጥላ ጫፍ የሚንኳኳበት ቀን ነው።

"እህቴን ብቻዋን ልትሰዳት ነው? ብትወድቅስ?" ትላለች ሚስቱ።

"እሳቸው ከሚወድቁ ሐይቁ ቢደርቅ ይቀላል" ይላል ካልሲውን እየፈለገ።

ሦስት ዓመት ሙሉ የሻይ ፔርሙስ ተሸክሞ ሲከተላቸው፣ ለእሱ ወፍ ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር፦ የሚበላና የማይበላ።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሆነ። ሲስተር መነጽራቸውን ወደ ውሃው መሐል አነጣጥረው፣ "መጣልህ! ባለ ነጭ ጉንጩ ዳክዬ። ወንዱ ነው። ጻፍ!" አሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን አሸት አድርጎ አየ። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ያረጀ ነጭ የሸራ ጫማ ነበር። ሳቁ ጉሮሮው ላይ ደረሰ። ሦስት ዓመት የጠበቀው በቀል ነው! ወዲያው ግን እውነተኛ ዳክዬ ከሸምበቆው ውስጥ ወጥታ፣ ከእግራቸው ሥር አራት እርምጃ እንኳ ሳትርቅ፣ ድምፅ ሳታሰማ ቀዘፈች። ሲስተር ፊት ለፊት እያዩዋት ምንም አላሉም። አላዩዋትም። ያኔ ሰሞኑን ሻዩን ከኩባያው ውጪ ሲቀዱት የነበረው ትዝ አለው፤ ሳቁም ተመልሶ ወረደ።

"ጻፍ አልኩህ እኮ!"

"ወንዱ ነው ያሉኝ፣ እትዬ?"

"ወንዱ።"

ጻፈ።

በዚያው ሳምንት ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ ባለ ሥዕል የወፍ መጽሐፍ ገዛ። ደንበኛ ሲጠፋ ከመስታወቱ ሥር አውጥቶ ያጠናል። ሰኞ ሲደርስ የማያውቅ መስሎ ይጠይቃል፤ "እትዬ፣ ያቺ ጥግ ያለችው፣ አናቷ ቀላ ያለው፣ ጀርባዋ ግራጫ የሆነው፣ ምንድን ናት?"

"ይህችንም አታውቅ!" ይሉና ስሟን፣ ትውልዷን፣ የምትበላውን ሳይቀር ይዘረዝሩለታል። እሱ ዓይን ሆነ፤ እሳቸው አንደበት። ስለ ነገሩ ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

እንዲህ ሲሉ ሰነበቱና፣ አንድ ማለዳ ሲስተር ወደ ውሃው የሚያወርደውን ደረጃ ሳቱት። ፀጉር አስተካካዩ በኮታቸው ኮሌታ ለቀም አድርጎ አስቀራቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"የዓይን ሞራ ነው አይደል?" አላቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?"

"ከጫማው ጀምሮ።"

"የቱ ጫማ?"

"ባለ ነጭ ጉንጩ።"

ሲስተር ቀሉ። እጃቸውን እያፋተጉ፣ "ስንቱን በሽተኛ 'ምንም አይደለም' እያልኩ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ገፍቼዋለሁ። ለካ ምንም የማይሆነው ገፊው ነው" አሉ። "ዓይኔ ጭራሹን ቢጠፋብኝስ? አሁን ቢያንስ ጥላቸው ይታየኛል።"

"እኔ እገፋዎታለሁ" አላቸው።

ገፋቸውም። ሲስተር ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እጁን እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ አልለቀቁትም፤ እንደዚያም ሆኖ ሐኪሙን እጁን በደንብ መታጠቡን ጠይቀውታል። ቀዶ ጥገናው ሰመረ።

ከወር በኋላ ሐይቁ ዳር ቆመው መነጽራቸውን አነሱ። ከዚያ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ "ይህችን ሴቷን ወንድ ብለህ ጽፈሃል፤ ይህኛው ደግሞ ጭራሽ በዚህ ወር አይመጣም" እያሉ አምስት ገጽ ሰረዙበት። በመጨረሻም እንደ ሹመት ደብዳቤ አክብደው፣ "ከእንግዲህ ሰኞህን ተኛ። እኔ አያለሁ" አሉት።

ሦስት ዓመት ሙሉ የተመኘው ቃል ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

በቀጣዩ ሰኞ በሩን ያንኳኳ አልነበረም። ሲስተር ብቻቸውን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳሉ ከኋላቸው ኮቴ ሰምተው ሊቆጡ ዞሩ። እሱ ነው፤ ፀጉሩ ገና አልተበጠረም።

"ተኛ አላልኩህም? ምን አመጣህ?"

"አይ... ሸምበቆው ሥር ያሉት አናተ ቀያዮች ትናንት ስድስት ነበሩ። ዛሬ ስንት እንደሆኑ ልይ ብዬ ነው።"

"ትናንት?" አሉ ሲስተር። "ትናንት እሑድ እኮ ነው።"

ፀጉር አስተካካዩ እንደ ተያዘ ሌባ መሬት መሬት አየ። ሲስተር ደብተራቸውን ከጎናቸው አንስተው ቦታ ለቀቁለት።