እናቴ ትሙት!

ትናንት በሕልሜ ሌባ ሆኜ አደርኩ። የእውነት ሌባ እንዳይመስላችሁ፤ የወረቀት ሌባ ነኝ። ልጄ ናርዶስ የምታጫውተን ጨዋታ አለ። ዳኛ፣ ፖሊስ፣ ገራፊ፣ ሌባ ተብሎ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተጠቅልለው ይበተናሉ፤ ፖሊስ የደረሰው የሰው ፊት እያየ ሌባውን ያወጣል። ሌባው ሽምጥጥ አድርጎ መካድ አለበት። እኔ ደግሞ ስዋሽ ጆሮዬን ይበላኛል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምያዘው እኔ ነኝ።

በሕልሜ ጨዋታው ቀበሌ ገባ። በር ላይ ያለችው ዘበኛ ፍየል ናት። መታወቂያ አለችኝ፤ ሰጠኋት። አኝካ ዋጠችውና «ትክክለኛ ነው፣ እለፍ» አለችኝ። ውስጥ ሕፃናት ከረባት አስረው ወንበር ላይ ተኮፍሰዋል። እኛ ወላጆች ምሳ ዕቃችንን አንጠልጥለን ተሰልፈናል። ፖሊሷ ናርዶስ ናት። ወረቀቴን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ሌባ!

«ሽመልስ» አለችኝ የወለድኳት ልጅ፣ «ሌባው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እመቤቴ! እናቴ ትሙት!»

አፌን በቆረጠው! ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረችው እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ መሬቱ ላይ ጋደም አለች።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ትሙት አልክ አይደል እንዴ? ልሙታ!»

ናርዶስ ከረባቷን ጠበቅ አደረገች። «እዚህ መሐላ ይሠራል። ሌባው አንተ መሆንህን ካወቅኩ እማማ ሞተች። ካመንኩህ ትነሣለች።»

ሌባው እኔ ነኝ ብዬ ላምን አልችል፣ እናቴን መግደል ነው። መዋሸት አለብኝ፤ ያውም ለናርዶስ! ወዲያው ጆሮዬን ይበላኝ ጀመር። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«እንዳትነካው!» አለች እናቴ ከተኛችበት። «ዘጠኝ ወር ተሸክሜህ በጆሮ ልትገድለኝ ነው?»

ናርዶስ ትክ ብላ ታየኛለች። እጄ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ከኪሴ ወጣ። መለስኩት። ደግሞ ወጣ። ወደ ጆሮዬ ሲሄድ «ኧረ በሕግ!» ብዬ ጮህኩ።

ጆሮዬን እያከክሁ ብንን አልኩ። ነግቷል። ከሳሎን የእናቴ ሳቅ ይሰማል። ተመስገን ጌታዬ! ዕንባዬ መጣ። ጋቢዬን እንደደረብኩ ጉልበቷን ልስም ሮጥኩ።

እናቴ ምንጣፉ ላይ ከናርዶስና ከባለቤቴ ጋር ወረቀት በትና ተቀምጣለች። ጎንበስ ብዬ ጉልበቷን ስስም ከሥሩ የተወሸቀውን ወረቀት አየሁት። ሌባ ይላል።

«እማማ፣ ሌባዋ አንቺ ነሽ አይደል?» አለች ናርዶስ።

እናቴ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «ኧረ እኔ አይደለሁም! ሽመልስ ይሙት!»

እኔ ምን ላድርግ፤ ጋቢዬን አስተካክዬ ከጎኗ ጋደም አልኩ።

«አባዬ ምን ሆነ?» አለቻት ናርዶስ ባለቤቴን። መልስም አልጠበቀች፤ ፊቷን ወደ አያቷ መልሳ ትክ ብላ አየቻት። እኔ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌያለሁ።

«እሺ፣ እማማ አትዋሽም» አለች በመጨረሻ።

ተነሣሁ።