ጻድቅን የማይመታው ጠመንጃ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብትሉኝ እሰየው፤ ዝም ብትሉም አፌን አትዘጉትም።

በአንድ ዱር ውስጥ አያ ጅቦ ጠመንጃ ይሸጥ ነበር። ገበያው ሲቀዘቅዝበት አባ ጉሬዛን ተጠጋ። አባ ጉሬዛ ነጭ ካባውን ለብሶ ዛፍ ላይ ጉብ ሲል መቼም የማያምነው የለም። አያ ጅቦ ማር አቀመሰውና ጠመንጃዎቹን ጠበል አስረጨው። «ይህ ጥይት ኃጢአተኛ እንጂ ጻድቅ አይመታም!» ብሎም አባ ጉሬዛ አወጀለት። ከዚያማ ገበያው ደራ፤ ሚስቱን የሚፈራ ሁሉ አንድ አንድ አነገተ።

ዝንጀሮም ገዛ። በከርከሮ ሰርግ ላይ ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው «ወደ ሰማይ ልተኩስ!» ብሎ ተነሣ። እንግዳው ሁሉ እየተንደረደረ ተወሸቀ። የእመት ሚዳቋ ግልገል ሊሮጥ ሲል አባ ጉሬዛ ከጠጁ ጋን ጀርባ ሆኖ «አትፍራ ልጄ፣ የተባረከ ነው» አለው። ግልገሉም ቆሞ ያጨበጭብ ጀመር። የዝንጀሮ እጅ ተወላገደና ጥይቱ ግልገሉን አገኘው።

እመት ሚዳቋ የልጇ ደም ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር ሸንጎ ፊት ቆመች። ዳኛው አንበሳ ነበር።

«እኔ የተኮስኩት ሰማዩን ነው» አለ ዝንጀሮ።

«እኔ ሸጥኩ እንጂ መቼ ተኮስኩ?» አለ አያ ጅቦ። «ቢላዋ የሸጠ ሁሉ ሊታሰር ነው እንግዲህ?»

አባ ጉሬዛ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጌታዬ፣ ጥይቱ ጻድቅ አይመታም ብያለሁ። ልጁን መታው። እንግዲህ የደበቀው ኃጢአት ነበረበት ማለት ነው።»

«እውነት ነው!» አለ ሸንጎው። ግማሹ ጠመንጃ አንግቶ ምን ይበል ታዲያ? አንበሳም ከአልጋው ሥር አንድ ነበረው። «ጥፋተኛው ሟቹ ነው» ብሎ ፈረደ። «እናቱም ሰርጉ ስለታወከ ይቅርታ ትጠይቅ።»

ወይ ፍርድ! እኔስ ሆዴ አረረ።

እመት ሚዳቋ ግን አላለቀሰችም። ለማስረጃ ተብሎ መሃል የተጋደመውን ጠመንጃ አነሣችና አቀባበለች።

«ይቅርታውን እጠይቃለሁ» አለች። «እናንተ መቼም ጻድቃን ናችሁ። ባላችሁበት ተቀመጡልኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ጊዜ ልተኩስ።»

ኧረ የሩጫው ነገር! አባ ጉሬዛ ካባውን ሰብስቦ ዛፍ ጫፍ ወጣ። አያ ጅቦ እያነከሰ ጉድባ ገባ። ዝንጀሮ መላጣ መቀመጫውን እያሳየ ገደል ወረደ። አንበሳ ከወንበሩ ሥር ሆኖ «ኧረ በማርያም፣ እመት ሚዳቋ! ፍርዱ ይሻሻላል!» እያለ ጮኸ።

እመት ሚዳቋ ጠመንጃውን መሬት ላይ ወረወረችው። እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

«ለካ ሁላችሁም ታውቁ ነበር» አለች። «ያመናችሁ ልጄ ብቻ ነው፤ ያልሮጠውም እሱ ብቻ።»